እኛ ስንቀዳ እንዲህ አልነበረም

ሌብነት እንኳ ረክሷል። አትደንግጡ፣ የዕድሜ እኩዮቼ፤ መነጽራችሁን ግንባራችሁ ላይ ሰቅላችሁ መነጽር የምትፈልጉ ሁሉ ነገሬ ይገባችኋል። ድሮ የሰው ዘፈን መውሰድ ወገብ የሚያጎብጥ ሥራ ነበር። ዛሬ አንድ ጎረምሳ ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ፣ በአንድ እጁ ቆሎ እየዘገነ፣ በሌላው አውራ ጣት ብቻ የጥላሁን ገሠሠን የዕድሜ ልክ ሥራ ከቴሌግራም አውርዶ ኪሱ ይከታል። አላበው፣ አልደከመው፣ ማንንም «እባካችሁ ዝም በሉ» ብሎ አልለመነ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

እኛ አንድ ካሴት ስንቀዳ ቤቱ በሙሉ ይዘምት ነበር። ባለሁለት ካሴት ቴፕ ያለው ሰው በሰፈሩ የተከበረ ነው፤ የሌለን ደግሞ የጎረቤትን ናሽናል ተውሰን፣ የራሳችንን ፊሊፕስ ከፊቱ አስቀምጠን፣ ሁለቱን እንደ ሙሽራና ሙሽሪት ፊት ለፊት እናፋጥጣቸዋለን። አንዱ ሰው የዚያኛውን መጫወቻ፣ ሌላው የዚህኛውን መቅረጫና መጫወቻ አጣምሮ፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» ተባብለን እንጫናለን። ከዚያ በኋላ ትንፋሽ የለም። የ60 ደቂቃ ካሴት 60 ደቂቃ ይፈጃል፤ አቋራጭ የለውም። ሕፃን አያለቅስም፣ ሽንኩርት አይከተፍም፣ ወጥ አይማሰልም፣ እንግዳ ቢመጣ በእጅ ምልክት ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ሥርዓት ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም የለም፤ እዚያም ስልክ ይጮኻል።

አንድ እሁድ የጥላሁንን ካሴት ስንቀዳ፣ ሁለተኛው ዘፈን መካከል ላይ፣ ልብ በሚነካው ቦታ፣ ከውጭ «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ገባ። የሰፈራችን ቆራሌ ጉሮሮው እንደ ዛሬዎቹ የላላ አልነበረም፤ ዜማውን ሳይስት፣ ምቱን ጠብቆ ነው የተጣራው። ልጆቼ ያንን ካሴት እየሰሙ አደጉ። ትልቋ ልጄ ካደገች በኋላ ሰው ቤት ዋናውን ስትሰማ፣ «አባዬ፣ ይሄኛው ተቆርጧል፤ ቆራሌው የለበትም» አለችኝ። አያችሁ? ኮፒው ከኦርጅናሉ ይበልጥ ነበር ማለት ነው። የዛሬው ቅጂ ከዋናው ቅንጣት አይለይም። ታዲያ ምኑን ቀዳችሁት?

በደርግ ጊዜ ደግሞ ሰዓት እላፊው ረዳን። ሰዓት እላፊን የሚያማ ሰው ቴፕ ያልነበረው ሰው ነው። ጓደኛህ አንድ ቦርሳ ካሴት ይዞ አመሻሽ ላይ ይመጣል፤ ጨዋታው ሲደራ ሰዓቱ ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ወዴት ይሄዳል? ይነጋል እንጂ አይወጣም። ሌሊቱን ሙሉ ሻይ እየጠጣን፣ ገጽ ሀ፣ ገጽ ለ እየገለበጥን እናድራለን። መብራት ከጠፋ ድንጋይ እንጨምራለን፤ ድንጋዩ ከደከመ ጧት ጸሐይ ላይ አስጥተን እናስነሳዋለን። አልፎ አልፎ በደከመ ድንጋይ የተቀዳ ካሴት በአዲስ ድንጋይ ሲሰማ ዘፋኙ አውቶብስ እንዳያመልጠው የሚሮጥ ይመስላል፤ ይህም የራሱ ለዛ ነበረው። ዛሬ ሰዓት እላፊው ቀረ፣ ጓደኝነቱም አብሮ ቀረ።

ባዶ ካሴት ደግሞ እንዲህ በቀላሉ አይገኝም ነበር። ስለዚህ ብልሃት ነበረን፤ ይህን የዛሬ ልጅ የት ያውቀዋል! ከካሴቱ ጀርባ፣ ከወዲያና ከወዲህ ማዕዘኑ ላይ፣ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉ። ጥርሶቹ ከተሰበሩ ቴፑ በላዩ ላይ አልቀዳም ይላል። ሙዚቃ ቤቶች ሰብረው ነው የሚሸጡት፤ እምነት ስለሌላቸው። ያንን ቀዳዳ በወረቀት ትጠቀጥቀዋለህ፣ ወይም ፕላስተር ትለጥፍበታለህ፤ በቃ፣ ካሴቱ እንደገና ድንግል ሆነ። ቤት ውስጥ የተገኘውን ሁሉ እንዲህ ነበር የምናዘጋጀው። የባለቤቴ ወንድም ከአሜሪካ በካሴት ቀርጾ የላከውን የናፍቆት ደብዳቤ ያዘጋጀሁትም በዚሁ መንገድ ነው። እሷ እስከ ዛሬ ታኮርፍበታለች። እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አላጠፋሁትም፤ የጥላሁን የመጨረሻ ዘፈን አልቆ ክሩ ሊያበቃ ሲል፣ ወንድሟ ብቅ ብሎ «… ለእማማም ሰላም በሉልኝ፣ በርበሬው ደርሶኛል» ይላል። ዋናው መልእክት ተርፏል ባይ ነኝ።

ወደ ሙዚቃ ቤቱ ልውሰዳችሁ። ስሙን አልጠራም፤ ባለቤቱ ነፍሳቸውን ይማርና አልፈዋል፣ ልጆቻቸው ግን አሉ። ፒያሳ ነው። ደጁ ላይ ድምፅ ማጉያ ይጮኻል፣ ውስጥ ካሴት እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ከባንኮኒው በላይ በቀይ እስክሪብቶ «የተሸጠ ካሴት አይመለስም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ከጎኑ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይምጡ» ይላል። ሁለቱንም ብዙ ጊዜ አንብቤያለሁ። እኔን የሚመለከቱ ግን አልመሰለኝም፤ ጋሼ ያውቁኛላ።

ዓርብ እገዛለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ይቀዳል፤ ሰኞ ይዤ ከተፍ ነው። «ጋሼ፣ ይቺ ካሴት ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል።» ጋሼ አያመናጭቁም። ካሴቱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ክሩን ያያሉ። አዲስ ካሴት ክሩ በሙሉ በአንድ ወገን ተጠቅልሎ ጠርዙ ልሙጥ ስለሚሆን፣ እኔም ከቤት ሳልወጣ በቢክ እስክሪብቶ እያሽከረከርኩ እስከ ጫፍ አጠንጥኜዋለሁ፤ የሽፋኑንም ወረቀት በነበረ እጥፋቱ መልሻለሁ። ይህ ለሻጩ ክብር መስጠት ነው። ጋሼ በራሳቸው ቴፕ ከተው ይከፍቱታል፤ ድምፁ ኩልል ብሎ ይወርዳል።

«ምንም አልሆነችም እኮ፣ ልጄ።»

«እንግዲያው የኔን ቴፕ አልወደደችውም፣ ጋሼ።»

«ሄዱን በአልኮል ጥረገው።»

«ጠርጌዋለሁ፣ በአረቄ።»

ጋሼ ዝም ብለው ያዩኛል። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ። ከዚያ ሌላ ካሴት። አንዲቷን ገዝቼ ክረምቱን ሙሉ ስሰማ የከረምኩበት ጊዜ አለ። መተማመን ማለት ይህ ነው፣ ወገኖቼ! ዛሬ የትኛው ሻጭ ነው እንዲህ ዓይንህን አይቶ የሚያምንህ?

ደግሞ አስቡት፤ ካሴቷን ቤቴ ባስቀራት ኖሮ መደርደሪያዬ ላይ አቧራ ስትጠጣ ትኖር ነበር። እኔ ግን መለስኳት፤ ሌላ ሰው ገዛት። አንዲት ካሴት ሁለት ቤት ገብታ ዘፋኙን አሳወቀች። ጋሼም ቢሆኑ ከጓሮ ባለችው ጠባብ ክፍል ቴፖች ደርድረው ሲያስቀዱ ነው የሚውሉት። ባዶ ካሴትና በደብተር ወረቀት የተጻፈ የዘፈን ዝርዝር ይዞ የሄደ ሰው «ምርጥ» አስቀድቶ ይወጣል። ለቀጂው ይከፈላል፣ ለካሴቱ ይከፈላል። ለዘፋኙስ? ለዘፋኙ ፍቅር ነበረው። ዛሬ ፍቅርም አያገኝም፤ «ላይክ» ነው የሚሰጡት።

ካሴቱ ሲሞት ሲዲ መጣ፤ እሱም ብዙ አልቆየም፣ እንኳንም አልቆየ። በየመንገዱ አዟሪው ሲዲውን ክንዱ ላይ ደርድሮ «መቶ ዘፈን በአንድ ሲዲ! አዲስም አሮጌም!» ይላል። አንድ ቀን ከመርካቶ አንዷን ገዛሁ። ቤት ወስጄ ከፈትኳት፤ የህንድ ፊልም ናት፣ እሱም ከመካከል የሚጀምር። ልመልስ ብዬ ስሄድ ልጁ የለም፤ ሌላ ሰፈር ገብቷል። ለማን አቤት ትላለህ? ገንዘቤን ከፍዬ የተሰረቀ ዘፈን ከገዛሁ፣ የተሰረቀው ዘፈን በትክክል ውስጡ መኖር አይገባውም? ጋሼ ቢሆኑ ይለውጡልኝ ነበር። የሸማች መብት የሞተው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ደግሞ «ሙዚቃ እንጭናለን» የሚል ሰሌዳ በየማዕዘኑ ተተከለ። ስልክህን ትሰጠዋለህ፣ ልጁ ገመድ ይሰካል፣ ያዘዝከው ማኪያቶ ሳይቀዘቅዝ አንድ ሺህ ዘፈን ተጭኖልሃል። ከሺሁ ውስጥ የምታውቀው ሃያውን ነው። እኛ አንዷን ዘፈን ለመቅዳት ስንጠብቅ ግጥሟን በቃል እንይዝ ነበር። አሁን ሱቆቹም ጠፉ፤ የጋሼ ሙዚቃ ቤት ቦታ ላይ የስልክ ሽፋን ይሸጣል። ባለፈው ገብቼ «ካሴት አላችሁ?» ብል ልጅቷ «የምን ሞዴል?» አለችኝ።

የእህቴ ልጅ ሜሪላንድ ነው የምትኖረው፤ አሜሪካ ሰው ደረሰኙን ይዞ የገዛውን ሁሉ ይመልሳል እያለች ስታስጎመጀኝ ኖራለች። የአየር ለውጥ ፈልጌ ሳይሆን ለዚህ ስል ብቻ ልሄድ አስቤ ነበር። በኋላ ግን አጣርቼ ብጠይቃት፣ የሲዲ ነገር ለየት ይላል አለች፤ ሽፋኑ ከተቀደደ ብዙዎቹ ሱቆች ገንዘብህን አይመልሱም፣ ተበላሽቷል ካልክ ያንኑ ሲዲ በሌላ ያንኑ ሲዲ ይለውጡልሃል። ያንኑ! ለምን ብትሉ፣ ሰው ቀድቶ እንዳይመልስ ነው አለች። ሰውን እንዲህ መጠርጠር ምን ይሉታል? እንግሊዞችማ ብሰዋል፤ በ1981 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ካሴትን ከአጥንት ጋር አጣምረው ሥለው «ቤት ውስጥ መቅዳት ሙዚቃን እየገደለ ነው» የሚል ዘመቻ ከፈቱ። እኛ በዚያው ዓመት ሌት ተቀን ስንቀዳ ነበር፤ ጥላሁን በ2001 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ ሲዘፍን ኖረ። ታዲያ ማንን ገደልን?

የልጅ ልጄ ሕግ ትማራለች። ይህን ሁሉ ስነግራት መጽሐፍ ይዛ መጣች። አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ። ሆን ብሎ መብት የጣሰ ሰው ከ5 ዓመት በማያንስ፣ ከ10 ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እሥራት ይቀጣል ብላ አነበበችልኝ። እሰይ! አልኩ። እነዚያን ቴሌግራሞች በሙሉ ይልቀሟቸው።

«አባባ፣ እርስዎስ?» አለችኝ።

«ለእኔ ምን ይላል?»

«ለግል መጠቀሚያ አንድ ቅጂ ብቻ ማዘጋጀት ይፈቀዳል ይላል።»

ይኸው! አንድ! እኔም ከአንድ በላይ ቀድቼ አላውቅም። ለራሴ አንድ፣ ለእህቴ አንድ፣ ደብረ ብርሃን ላለችው አክስቴ አንድ፣ ለዕድራችን ዳኛ አንድ፣ ለመሥሪያ ቤቴ ሾፌር አንድ። ለማንም ሁለት ሰጥቼ አላውቅም። ልጅቷ ግን አትረታም፤ «ከአዋጁ በፊትም የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ የደራሲን መብት ያውቅ ነበር» አለችኝ። እሱንም መለስኩላት፤ ፊሊፕስ ካሴትን ያወጣው ከዚያ ሕግ ሦስት ዓመት ዘግይቶ ነው፣ ያልተወለደን ነገር ሕግ እንዴት ይከለክላል? «ሕጉ የሚጠብቀው ሥራውን እንጂ ካሴቱን አይደለም፣ አባባ።» እንግዲህ ልጅ ሲማር እንዲህ ነው፤ ካሴትን ከዘፈን ይለያል። የድምፅ ቅጂ ጥበቃው 50 ዓመት ነው ስትለኝ ደግሞ ተደሰትኩ፤ በ1961 ዓ.ም. የወጣ ሸክላ 50 ዓመቱን ደፍኗላ። እኔ ትንሽ ቀደም አልኩ እንጂ ምን አጠፋሁ? «የደራሲው ግን ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ነው» አለች። እሱን አልሰማሁም፤ ጆሮዬ ደክሟል።

ስለ 1961 ካነሳን አይቀር፣ እሱ ነበር ጊዜ! በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም ፈቃድ የሀገር ፍቅር ብቻ ነበር። አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ተነሣና ክልከላውን ወደ ጎን ብሎ የራሱን ሸክላ ማሳተም ጀመረ፤ እስከ 1967 ዓ.ም. 103 ትንንሽ ሸክላና 12 አልበም አወጣ። ዓለማየሁ እሸቴ፣ ማሕሙድ አሕመድ፣ ሙላቱ አስታጥቄ፣ ሁሉም በእጁ አለፉ። ጀግና ማለት እሱ ነው፤ ሕግ ነው ብሎ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። የዛሬዎቹ ግን ሕግ ሊያከብሩ ይገባል። የመርካቶው ዓሊ ካይፋ፣ ታንጎ የምንለው፣ በ1967 የማሕሙድን «ኧረ መላ መላ» አወጣ፤ ከዓመታት በኋላ ቤልጂጎች ለአውሮፓ አሳተሙት፣ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ ደግሞ «ኢትዮፒክስ» ብሎ ያንን ዘመን በሙሉ በሲዲ ሰብስቦ ለዓለም አዳረሰው። አሁን ፈረንጅ ለአንዲት የተጫጫረች ሸክላ የሚከፍለውን ዋጋ ብትሰሙ ልባችሁ ይቆማል።

እኔም ሸክላዎቹ ነበሩኝ። የአምሃም የካይፋም፣ ከነሽፋናቸው። ወደ ካሴት ገልብጬ ስጨርስ ቦታ ያጣብባሉ ብዬ ለልዋጭ ሰጠኋቸው፤ አንድ ትልቅ ሰማያዊ ሳፋ ሰጠኝ። የዛሬ ልጅ ግን ቅርስ አያውቅም! አያቱ የሰማበትን ዕቃ ዞር ብሎ አያይም። ሳፋው ጥሩ ሳፋ ነው፤ እስከ ዛሬ ልብስ ይታጠብበታል።

ትንሿ ልጄ ደግሞ አለች። እሷ አትሰርቅም፤ በየወሩ ትከፍላለች። ይህም ያበግነኛል። በየወሩ! ለአንድ ዘፈን ስንት ጊዜ ነው የሚከፈለው? መክፈል ያቆመች ዕለት ሁሉም ይጠፋባታል፤ አበድራ ለሰው መስጠት አትችልም፣ ገልብጣ ማየት አትችልም፣ አልወደድኩትም ብላ ለማን ትመልሰዋለች? እኔ ከፍዬ የመለስኩት ካሴት እንኳ እስከ ዛሬ ቤቴ አለ። የማይከፍሉት ሌቦች ናቸው፣ የሚከፍሉት ሞኞች። የሙዚቃ አቀናባሪው ኤልያስ መልካና ጓደኞቹ አውታር የሚባል ነገር ለስልክ ሠርተው፣ ሰው ዘፈኑን በሕጋዊ መንገድ ገዝቶ ያውርድ፣ ባለሙያው ድርሻውን ያግኝ አሉ። ሐሳቡ ተቀድሷል፤ ሰው ሁሉ ሊገዛ ይገባዋል። እኔን ልጄ «ለምን አትገዛም?» ስትለኝ፣ «ምን ልግዛ? ሁሉም አሉኝ እኮ» አልኳት። አሉኝም፤ ሦስት ካርቶን ሙሉ፣ ከአልጋ ሥር። የሚያጫውት ቴፕ ነው የጠፋው። የመጨረሻውን ፊሊፕስ ለጠጋኝ ሰጥቼው መለዋወጫ የለውም ብሎ መለሰልኝ፤ ቢያንስ መለሰልኝ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ከካርቶኖቹ ውስጥ አንዲት ካሴት ጎድላለች። ሰዓት እላፊ አልፎበት እኔ ቤት ያደረ አንድ ወዳጄ «ሰምቼ እመልሳለሁ» ብሎ ጧት ይዟት ወጣ። እስከ ዛሬ እየሰማ ነው መሰለኝ። የሰው ንብረት ወስዶ ያለመመለስ ነውር መሆኑን ለእናንተ አልነግርም፤ ድሮ እንዲህ አይደረግም ነበር። ባለቤቴም በዚህ በዚህ ከእኔ ጋር ናት፤ ወንድሟ ካረፈ ወዲህ ድምፁ የቀረው እዚያ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ይህን የምታነብ ወዳጄ፣ አንተ ከሌለህም ልጆችህ፣ ዕቃ ስታገላብጡ ካገኛችኋት እባካችሁ መልሱልን። ምልክቷ ይኸውና፤ ጥቁር ናት፣ ጀርባዋ ላይ ፕላስተር አለ፣ ገጽ ሀ ሁለተኛው ዘፈን መካከል ቆራሌው ይጣራል፣ ገጽ ለ መጨረሻ ላይ በርበሬው ደርሷል። ቀድታችሁ ብታስቀሩ ግድ የለኝም፤ እኔ የምፈልገው ኦርጅናሉን ነው።